ከፊልሙ የተቆረጠው ጊዜ፦ ሒሳብ በስክሪንና በሰው አፍ

ሱዛን ፒከርና ጆን ቤሪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 ያሳተሙት አንድ ጥናት አለ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአሜሪካ፣ በብሪታንያ፣ በፊንላንድ፣ በስዊድንና በሩማንያ ለሚማሩ የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች ወረቀት ተሰጥቷቸው የሒሳብ ሊቅ ሥራው ላይ ሳለ እንዲሥሉ ተጠየቁ። ከአምስቱም አገሮች የመጣው ሥዕል ተቀራራቢ ነበር። ሰውየው ወንድ ነው፤ መነጽር አድርጓል፤ ወይ ራሱ ተመልጧል፣ ወይ ፀጉሩ እንደ አንስታይን ተንጨባሯል፤ አጠገቡ ሰሌዳ አለ። አንዳንዶቹ ልጆች ሊቁን አስተማሪ አድርገው ሥለውታል፤ ያ አስተማሪ ተማሪዎቹን ሲያስፈራራ፣ አልፎ አልፎም መሣሪያ ሲደግንባቸው ይታያል። የሒሳብ ሊቅ ለምን ሥራ እንደሚቀጠር ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ የሚሉት አልነበራቸውም።

ሐኪምን፣ ፖሊስን፣ ሹፌርን ልጅ ሁሉ ያውቃቸዋል። የሒሳብ ተመራማሪን በአካል የማየት ዕድል ግን ለየትኛውም ልጅ ጠባብ ነው። ያንን ባዶ ቦታ የሚሞሉት ፊልም፣ ልብ ወለድ፣ የካርቱን ፊልምና የታላላቆች ወሬ ናቸው። ስለዚህ ሒሳብ በሕዝብ ባህል ውስጥ እንዴት ይሣላል የሚለው ጥያቄ ከመዝናኛ ያልፋል። በእኛ አገር አንድ ልጅ 11ኛ ክፍል ሲገባ ናቹራል ልግባ ወይስ ሶሻል ብሎ በሚወስንበት ቀን ይህ ሥዕል አብሮት አለ።

በዚህ ጉዳይ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወቅሱት ሦስት ነገሮችን ነው፤ ፊልሞች የሒሳብን ሰው እብድ ያደርጉታል፣ ብቸኛ ያደርጉታል፣ ወንድ ያደርጉታል። ወቀሳው ልክ ነው። እኔ ግን ፊልሞቹን አንድ በአንድ ስመለከት ከሦስቱም በታች የተቀበረ ሌላ ስሕተት አያለሁ። ስክሪኑ ጊዜን ይቆርጣል። ለሳምንታት፣ ለወራት፣ ለዓመታት የተለፋበት ሥራ በሁለት ደቂቃ ሙዚቃ ታጅቦ ያልፋል። ድካሙ ከታሪኩ ሲወጣ ደግሞ ተመልካቹ በቦታው የሚተካው ነገር ያስፈልገዋል፤ የሚተካውም «ሲፈጥረው ነው» የሚለውን ነው።

«ጉድ ዊል ሀንቲንግ»ን (1997) እንውሰድ። ማት ዴመንና ቤን አፍሌክ ጽፈውት በድርሰቱ ኦስካር ያገኙበት ፊልም ነው። በአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ወለል የሚወለውል ዊል የተባለ ወጣት፣ የፊልድስ ሜዳልያ የተባለው ትልቅ የሒሳብ ሽልማት ተሸላሚ የሆነ ፕሮፌሰር በኮሪደር ሰሌዳ ላይ ያስቀመጣቸውን ጥያቄዎች ማንም ሳያየው ይፈታል። ሁለተኛውን ጥያቄ ለማረጋገጥ ፕሮፌሰሩና ባልደረቦቹ ከሁለት ዓመት በላይ እንደፈጀባቸው ይነገረናል። ወጣቱ ግን ወለሉን መወልወል ትቶ ቆሞ ይሥላል፤ በቃ።

ጥያቄው በተራ ቋንቋ ሲነገር ይህ ነው። 10 ነጥቦችን በመስመር አያይዝ፤ ሁሉም ነጥብ የተያያዘ ይሁን፤ መስመሮቹ ዞረው ቀለበት አይሥሩ፤ ልክ ሁለት መስመር ብቻ የሚነካው ነጥብም አይኑር። እንዲህ ያሉ የተለያዩ ሥዕሎች በሙሉ የትኞቹ ናቸው? መልሱ 10 ሥዕሎች ነው፤ ዊል ስምንተኛውን ሥሎ ሳይጨርስ ፕሮፌሰሩ ይደርስበታል። አንባቢ እርሳስ ካለው በ6 ነጥቦች ይጀምር፤ የሚገኙት 2 ብቻ ናቸው። በ8 ነጥቦች 4 ናቸው። ከዚያ ወደ 10 ይሂድ። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጥቂት ወረቀት አበላሽቶ በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚጨርሰው ሥራ ነው፤ ሲጨርስም የእውነተኛ ሒሳብን ጣዕም ቀምሷል፤ መዘርዘር፣ የተደገመውን መለየት፣ ያመለጠ አለመኖሩን ማረጋገጥ። ፊልሙ በሚሊዮኖች ፊት ይህን ጥያቄ ይዞ ቀርቦ ለማንም የማይደረስ አስመሰለው። በእጃችን ያለ ነገር ሰማይ ላይ ተሰቀለብን። ከፊልሙ ጥፋቶች ሁሉ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ ፊልሙ በሌላ ጎኑ ልብ የሚነካ ሆኖ ሳለ።

«ኤ ቢዩቲፉል ማይንድ» (2001) የሒሳብ ሊቁን የጆን ናሽን ሕይወት ይዞ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር አገኘ። ሰው ከዚህ ፊልም ይዞ የሚወጣው ሊቅነትና ሕመም አንድ ምንጭ እንዳላቸው ነው። የሕይወቱ ቅደም ተከተል ግን ሌላ ይናገራል። ናሽ በኋላ በ1994 ኖቤል ያሸለመውን ሐሳብ የጻፈው በ1950 ለፕሪንስተን ባቀረበው አጭር የዶክትሬት ጽሑፍ ነው፤ ሌሎቹን ታላላቅ ሥራዎቹን የሠራው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፤ ሕመሙ የወደቀበት በ1959 ነው። ሕመሙ ብዙ ዓመት ነጠቀው እንጂ ሒሳቡን አልሰጠውም። ፊልሙ የሚያሳየን ሳይኖሩ ለናሽ የሚታዩትን ሰዎች ነው፤ በእውነቱ ናሽ የሚሰቃየው በድምፅና በተዛባ እምነት ነበር። ይህኛው ለካሜራ ሲባል የተደረገ ለውጥ ስለሆነ ይቅር ይባላል። ሊቅነትና ሕመም አንድ ምንጭ አላቸው የሚለው ግን ልጆች ሕመምን የሊቅነት ማኅተም አድርገው እንዲያዩ ስለሚያደርግ አይናቅም። ዳረን አሮኖፍስኪ በ«ፓይ» (1998) ይህንኑ መንገድ እስከ ጫፍ ሄዶበታል፤ በዚያ ፊልም ቁጥር ሰውን የሚበላ ምሥጢር ነው።

ስለ ሕንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ራማኑጃን የተሠራው «ዘ ማን ሁ ኒው ኢንፊኒቲ» (2015) በብዙ ነገሩ የተሻለ ነው። አማካሪዎቹ የሒሳብ ሰዎች ነበሩ፤ የካምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ሃርዲ ወጣቱን ማረጋገጫ አምጣ እያለ የሚሟገትባቸው ትዕይንቶች የሒሳብን ዋና ጉዳይ ይነካሉ። ሆኖም በአፈ ታሪክ ላይ ያደገው ራማኑጃን ቀመሩን ከሴት አምላኩ በሕልም የሚቀበል ሰው ነው። እሱ ራሱ እንዲህ ብሎ ያምን እንደነበር የታወቀ ነው። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ግን ሌላም ነገር መዝግበዋል። ወረቀት ውድ ስለሆነበት የሚሠራው በጥቁር ድንጋይ ሰሌዳ ላይ ነበር፤ እየጻፈ በክርኑ ያጠፋል፤ ወደ ደብተሩ የሚገባው ውጤቱ ብቻ ነው። በ1913 ለሃርዲ የላከው ደብዳቤ ማረጋገጫ የሌላቸው ውጤቶች የሞሉበት መሆኑ ካምብሪጅን አስደነገጠ። ከኋላው ያለውን የዓመታት ሥራ ክርኑ ጠርጎታል። ዓለም ያየው መብረቅ ሆነ።

የአስተማሪ ፊልሞችም ከዚህ አያመልጡም። «ስታንድ ኤንድ ዴሊቨር» (1988) የሃይሚ ኤስካላንቴን ታሪክ ይተርካል። ቦሊቪያ የተወለደው ይህ መምህር በምሥራቅ ሎስ አንጀለስ የድሆች ሰፈር በሚገኘው ጋርፊልድ ትምህርት ቤት ካልኩለስ ያስተምር ነበር። በ1982 ተማሪዎቹ የሆኑ 18 ልጆች ለኮሌጅ ደረጃ የሚሰጠውን የካልኩለስ ፈተና አለፉ። ፈታኙ ድርጅት 14ቱን ተጠራጠረ፤ 12ቱ እንደገና ተፈተኑ፤ ሁሉም አለፉ። እውነተኛ ታሪክ ነው፤ ስመለከተው ዛሬም እጅ እግሬን ያነቃንቀዋል።

ፊልሙ ግን መደመር ያቃታቸው ልጆች በአንድ ክረምትና በአንድ የትምህርት ዓመት ካልኩለስ ላይ እንደደረሱ ያስመስላል። ኤስካላንቴ ጋርፊልድ የገባው በ1974 ነው። ከዚያ እስከ 1982 ድረስ ባሉት ስምንት ዓመታት የታችኛውን ክፍል ትምህርት አስተካክሏል፣ የሚረዳው ሌላ የካልኩለስ መምህር አብሮት ሠርቷል፣ ሄንሪ ግራዲያስ የተባለው ርእሰ መምህርም ከጎኑ ቆሟል። ይህን የማያውቅ ባለሥልጣን ፊልሙን አይቶ አንድ ጀግና መምህር ፈልጉልኝ ይላል፤ በአንድ ዓመት ውጤት ሳያይ ሲቀር ደግሞ መምህሩን ይወቅሳል። ስለ ፓትናው አናንድ ኩማር የተሠራው የሕንድ ፊልም «ሱፐር 30» (2019) ለድሃ ልጅ ያለው ፍቅር ከኤስካላንቴው ፊልም ባያንስም፣ በዚሁ በኩል ከእሱ የሚለይ ነገር አላየሁበትም።

«ሂደን ፊገርስ» (2016) ለብዙ ጥቁር ሴቶች፣ እዚህም ላሉ ልጃገረዶች፣ በር የከፈተ ፊልም ነው። ካትሪን ጆንሰን፣ ዶሮቲ ቮንና ሜሪ ጃክሰን ለአሜሪካ የጠፈር ጉዞ የሠሩትን ሥራ ዓለም ያወቀው ከማርጎት ሊ ሼተርሊ መጽሐፍና ከዚህ ፊልም ነው። ጠፈርተኛው ጆን ግሌን በየካቲት 1962 ከመነሣቱ በፊት ኮምፒውተሩ ያወጣውን ቁጥር ጆንሰን በእጇ እንድታረጋግጥለት መጠየቁ እውነት ነው። በፊልሙ ላይ ግን ግሌን ለመነሣት እየጠበቀ እሷ እየተሯሯጠች ታረጋግጣለች። በእውነቱ ጥያቄው የቀረበው ቀናት ቀደም ብሎ ነው፤ እሷም ከማስሊያ መሣሪያዋ ጋር ለአንድ ቀን ተኩል ተቀምጣ ሠርታዋለች። እኔን ብትጠይቁኝ የቀን ተኩሉ ታሪክ ይበልጥ ያምራል። አንድ ሰው ሕይወቱን የሚያስይዝባትን ሴት ትልቅ የሚያደርጋት ሩጫዋ ሳይሆን ተቀምጣ እያንዳንዱን አሃዝ መልሳ ማየቷ ነው።

ስለ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በተሠራው «ዘ ኢሚቴሽን ጌም» (2014)፣ ኢኒግማ የተባለው የጀርመኖች የምሥጢር መጻፊያ መሣሪያ የሚፈታበት መንገድ በአንድ መጠጥ ቤት ጨዋታ መካከል ለቱሪንግ ብልጭ ይልለታል። የፖላንድ የሒሳብ ሰዎች በ1932 የኢኒግማን መንገድ ከፍተው በ1939 ለእንግሊዝና ለፈረንሳይ ማስረከባቸው፣ በእንግሊዝ የምሥጢር ፈቺዎች ጣቢያ በብሌችሊ ፓርክም ሺዎች መሥራታቸው፣ አብዛኞቹም ሴቶች መሆናቸው በዚያ ብልጭታ ተውጧል።

ጊዜውን ሳይቆርጡ ያሳዩም አሉ፤ ጥቂት ናቸው። ሳይመን ሲንግ ለቢቢሲ በ1996 የሠራው ዘጋቢ ፊልም የሒሳብ ሊቁን አንድሩ ዋይልስን ይከተላል። ዋይልስ ለዘመናት ማረጋገጫ ባልተገኘለት በፌርማ የመጨረሻ ቴዎረም ላይ ለሰባት ዓመታት ያህል በምሥጢር ሠራ፤ ማረጋገጫውን በ1993 አወጀ፤ ስሕተት ተገኘበት፤ ከቀድሞ ተማሪው ሪቻርድ ቴይለር ጋር ሆኖ በ1994 አስተካከለው። ፊልሙ ሲከፈት ዋይልስ ስሕተቱ የተቃናበትን ቀን ለመናገር ሞክሮ እንባ ይቀድመዋል። ሰባት ዓመት ያልለፋ ሰው እንደዚያ አያለቅስም። ከልብ ወለድ ደግሞ የጃፓናዊቷ ዮኮ ኦጋዋ የ2003 መጽሐፍ አለ። ትዝታው 80 ደቂቃ ብቻ የሚቆይ ፕሮፌሰር ለቤት ሠራተኛውና ለትንሽ ልጇ ስለ ቁጥሮች ያስረዳል። ሦስት ሰዎች ቁጭ ብለው አንድ ቁጥርን ሲያደንቁ የሚታዩበት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሌላ አላውቅም።

የሴቶቹ ጉዳይ ራሱን የቻለ ነው። በ1992 ማቴል የምትናገር ባርቢ አሻንጉሊት ሲያወጣ ከምትላቸው ነገሮች አንዱ የሒሳብ ክፍል ከባድ ነው የሚል ነበር፤ ተቃውሞ ሲነሣ ኩባንያው ያንን ንግግር አወጣው። ከአሻንጉሊቷ ንግግር ይበልጥ የሚያስጨንቀው ግን ማንም ሳይናገረው የሚተላለፈው ነው። ሊን ቢያንና ባልደረቦቿ በ2017 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት፣ ልጃገረዶች 6 ዓመት ገደማ ሲሆናቸው «በጣም፣ በጣም ብልህ» የተባለን ሰው ከራሳቸው ፆታ ጋር ማያያዝ እንደሚቀንሱ አሳይቷል፤ ለእንዲህ ያሉ ብልሆች ነው ከተባለ ጨዋታም ይሸሻሉ። ሒሳብ የጥረት ሳይሆን የብልጭታ ሥራ ተብሎ በተሣለ ቁጥር ልጃገረዷ ከበሩ ትመለሳለች ማለት ነው። ሲያን ቤይሎክና ባልደረቦቿ ደግሞ በ2010 እንዳሳዩት፣ በአሜሪካ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ሴት መምህራን የሒሳብ ፍርሃት ካለባቸው በዓመቱ መጨረሻ የሚጎዳው የሴት ልጆቹ ውጤት ነው። ፍርሃት ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል።

የፊልድስ ሜዳልያ ከ1936 ጀምሮ ሲሰጥ ኖሮ የመጀመሪያዋ ሴት የተሸለመችው በ2014 ነው፤ ኢራናዊቷ ማርያም ሚርዛኻኒ። ሚርዛኻኒ በመካከለኛ ደረጃ ሳለች አንድ ዓመት ሒሳብ አልሆንላት ብሎ፣ አስተማሪዋም ተሰጥኦ አላት ብሎ እንዳላመነ ተናግራለች። ራሷን ዘገምተኛ አሳቢ ትላለች። ትልቅ ወረቀት ወለል ላይ ዘርግታ አንዱን ሥዕል ደጋግማ ስትሥል ትውላለች፤ ትንሽ ልጇ እናቷ ሠዓሊ ትመስላት ነበር። በ2017 በ40 ዓመቷ ዐረፈች። ለሲኒማ እንደዚህ የሚመች ሕይወት እያለ ሰሌዳ ላይ የሚቸኩለው ወንድ ለምን እንደሚመረጥ አይገባኝም።

ወደ እኛ እንምጣ። በኢትዮጵያ ሒሳብን በስክሪን ያየው ትልቁ ትውልድ ያየው በፊልም አይደለም፤ በፕላዝማ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ከሳተላይት በእንግሊዝኛ የሚተላለፍ ትምህርት በቴሌቪዥን ተከታተሉ። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው ስክሪኑ ነበር፤ በክፍል ያለው መምህር የሚቀረው መግቢያና መዝጊያ ነው። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይሰጣል፤ ለመሥሪያ ጥቂት ሰከንዶች ይቆጥራል፤ መልሱን ጽፎ ያልፋል። እጅ ቢወጣ አያይም። አልገባኝም ቢባል አይሰማም። ፊልሞቹ ጊዜን የቆረጡት ለታሪክ ውበት ብለው ነው፤ እዚህ ግን የተቆረጠው የልጁ የራሱ ጊዜ ነው። የፈጠነው ልጅ «ቀለሜ» ተባለ፤ የቀረው ሒሳብ ጭንቅላት ይጠይቃል እያለ ወጣ። ዛሬ ወላጅ የሆኑት እነዚያ ተማሪዎች ናቸው፤ ልጆቻቸው የቤት ሥራ ይዘው ሲመጡ ያንኑ ዐረፍተ ነገር ይደግማሉ።

ከትምህርት ቤት ውጭም ቁጥር በሕዝባችን ዘንድ ሁለት መልክ አለው። አንዱ የዐውደ ነገሥት፣ የኮከብ ቆጠራው መጽሐፍ፣ ነው። የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት በቁጥር ተተምነው ይደመራሉ፤ ድምሩ በ12 ይገደፋል፤ የቀረው ኮከቡን ይናገራል ይባላል። ቁጥር እዚህ ጥቂቶች የሚከፍቱት ምሥጢር ነው፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።

ሁለተኛው የባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ስሌት፣ ነው። ከዐውደ ነገሥት ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ ልማድ ሆኗል፤ ፈጽሞ ይለያያሉ። የ2018 ዓ.ም.ን እንሥራ። 5500 ሲጨመር ዓመተ ዓለሙ 7518 ይሆናል። በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ ከዚያ 1 ሲነሣ ወንበሩ 12 ነው። 12ን በ11 ማባዛት 132፤ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12። 12ን በ19 ማባዛት 228፤ በ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ሆኑ። ይህ የ2018 አጋጣሚ አይደለም፤ 11 እና 19 ተደምረው 30 ስለሚሆኑ ወንበሩ ምንም ቢሆን ድምሩ በ30 ተገድፎ ትርፍ አይኖረውም። መጥቅዑ የሚያመለክተው መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ 7 ነው፤ 18 እና 7 ተደምረው 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ፤ ፋሲካም ሚያዝያ 4 ዋለ። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1801 ባሳተመው መጽሐፍ የትርፍ ቁጥሮችን ስሌት ወግ አስይዞ ከመጻፉ ብዙ ዘመን በፊት የአብነት ተማሪዎች በትርፍ ቁጥር ይሠሩ ነበር። የሚማሩትም እየደጋገሙ፣ በጣታቸው እየቆጠሩ፣ ታላቁ ታናሹን እያስቀጸለ ነው። አንድ ተማሪ ዘንድሮ ካልያዘው ለከርሞ ይይዘዋል። የተፈጠረበት ብቻ ይማረው የሚል መምህር በዚያ የለም።

በውጭው ዓለም የሒሳብ ወሬ ውስጥ የእኛ ስም ይነሣል፤ «የኢትዮጵያ ማባዛት» በሚባለው ዘዴ። የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚማሩ ሰዎች በዚህ ስም ይለማመዱበታል። 17ን በ34 ለማባዛት አንዱን እያጋመስን (17፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1) ሌላውን እናጥፋለን (34፣ 68፣ 136፣ 272፣ 544)፤ በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለባቸውን መስመሮች ሰርዘን ቀሪውን 34 እና 544 ስንደምር 578 እናገኛለን። ይኸው ዘዴ የሩሲያ ገበሬ ተብሎም ይጠራል፤ በእጥፍ ማባዛት ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ በተጻፈው የግብፅ ፓፒረስ ላይ ይገኛል። ስማችን መነሣቱ ደስ ይላል። በጠጠርና በጉድጓድ የሚሠራ፣ ለምን እንደሚሠራ ግን የማያውቅ ሰው ተደርገን ስንተረክ ግን ደስ አይልም፤ ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ ሰው ይህን ትረካ ዝም ብሎ ሊቀበል አይገባም።

ለአማርኛ ፊልምና ድራማ ጸሐፊዎች አንድ ልመና አለኝ። አንድ ልጅ በአንድ የሒሳብ ጥያቄ ላይ ሳምንቱን ሙሉ ሲቸገር የሚያሳይ ክፍል ጻፉ። ሰኞ ይሳሳት፣ ረቡዕ ከእህቱ ጋር ይከራከር፣ ዓርብ መምህርቷ እሷም እንዳልያዘችው ትንገረው፣ እሑድ አብረው ይጨርሱት። ሙዚቃ አታስገቡበት፤ ሰዓቱንም አትቁረጡት።